የታሰረውን ስለ መጠየቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በቋንቋችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ፖሊስ ተጠርጣሪውን ይጠይቃል፤ ዳኛም ተከሳሹን ይጠይቃል። ዘመድ ደግሞ የታመመውን ይጠይቃል፤ የታሰረውንም ይጠይቃል። በፊተኛው መንገድ የሚጠየቅ ሰው ስላደረገው ነገር መልስ እንዲሰጥ ይፈለግበታል። በኋለኛው መንገድ የሚጠየቅ ሰው ግን «እንዴት ሰነበትህ?» ከመባል በቀር የሚፈለግበት ነገር የለም። ወህኒ የወረደ ሰው የፊተኛውን ዓይነት ጠያቂ አያጣም፤ የኋለኛውን ግን ብዙ ጊዜ ያጣል። ስለዚህም በእስረኞች መካከል ከድሀም ድሀ የሚባለው ጠያቂ የሌለው ነው።

በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፤ በደል የፈጸመን ሰው ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀው ለምንድን ነው? ስትጠይቀውስ የተበደለውን ሰው አታስቀይምምን? ይህን ጥያቄ ያመጣነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከራሳችን ጉድለት ነው። ስለዚህ አስቀድመን ጉድለታችንን እንናገራለን።

የጠፋችው ወረቀት

በአንድ የትንሣኤ ሰሞን እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ከሴቻ ተነሥተን ወደ አንድ ማረሚያ ቤት ሄድን። ዳቦ፣ ሙዝ፣ ስኳርና ሳሙና ይዘን ነበር። መዝሙር ዘመርን፤ አንድ ወንድማችን አጭር ትምህርት ሰጠ፤ አብረውን የመጡት ካህንም ጸሎት አድርሰው መስቀል አሳለሙ። እስረኞቹ አብረውን ሲዘምሩ አንዳንዶቻችን አለቀስን። ስንወጣም ደስ ብሎን ነበር። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ደስ ያለን በራሳችን ነበር።

ከመውጣታችን በፊት ከደጋው ከቦንኬ በኩል የመጣ አንድ ወጣት እስረኛ ወደ እኛ ቀረበ። ከእናቱ ዘንድ ወሬ ከሰማ ቆይቷል። እናቱ እግሯን ስለምትታመም ከደጋ ወርዳ አርባ ምንጭ ድረስ መምጣት አይሆንላትም። የቀበሌውንና የእናቱን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠንና፣ «ደኅና መሆኔን ብቻ ንገሩልኝ» አለን። ከእኛ አንዱ ተቀብሎ ኪሱ ከተታት። «መቼ ትመለሳላችሁ?» ሲለንም፣ «በሚመጣው ወር» አልነው።

የተመለስነው ግን በዓመቱ፣ በሚቀጥለው ትንሣኤ ነው። ወጣቱ ከሩቅ ዐወቀን። ሰላምታ እንኳ ሳያስረዝም፣ «እናቴን አገኛችኋት?» አለ። ወረቀቱን የተቀበለው ጓደኛችን ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሄዷል፤ ወረቀቱም የት እንደ ወደቀ የሚያውቅ የለም። ምን እንመልስ? ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። በኋላም እርሱ ራሱ አዘነልንና፣ «ግድ የለም፤ አባ አስጠይቀውልኛል» አለ። ለካ ካህኑ በየሳምንቱ እዚያ ይሄዱ ኖሯል። ገበያ ከሚወርዱ የአገሩ ሰዎች ጋር ቃል ልከው ከእናቱ መልስ አምጥተውለታል። እናቱም የፈተለችውን ጥጥ ልካለት እርሱ በግቢው ውስጥ ይሸምን ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። የእናቱን ደኅንነት ካወቀ ቆይቷል። «አገኛችኋት ወይ?» ብሎ የጠየቀን ስለ እናቱ ሊያውቅ ሳይሆን ስለ እኛ ሊያውቅ ነበር ማለት ነው። እኛ ልንጠይቅ ሄደን ተጠያቂዎች ሆነን ተመለስን።

በኦሪት ዘፍጥረት ዮሴፍ በግብፅ ወህኒ ሳለ ለጠጅ አሳላፊዎች አለቃ ሕልሙን ፈታለት። ሰውዬው ወደ ሹመቱ በተመለሰ ጊዜ እንዲያስበውም ለመነው። ሰውዬው ግን ከበሩ ሲወጣ ረሳው፤ ዮሴፍም ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያው ቆየ። መጽሐፍ ይህ ሰው ዮሴፍን ጠላው ወይም ከሰሰው አይልም፤ ረሳው ይላል እንጂ። ይህን ታሪክ በሰንበት ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ ተምረናል! ሁልጊዜ ራሳችንን የምናገኘው ግን በዮሴፍ ቦታ ነበር። በጠጅ አሳላፊው ቦታ ራሳችንን ያገኘነው በዚያ ቀን ነው።

ካህኑ በማረሚያ ቤት ምን ይሠራል?

ካህኑን ከዚያ በኋላ ደጋግመን አነጋገርናቸው። የሚያደርጉትን ሁሉ አልነገሩንም፤ ሊነግሩንም አይገባም። ከነገሩንና ካየነው ግን ጥቂት እንጽፋለን።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ እስረኛ በነፍስ አባቱ መጠየቁ የቸርነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን መብትም መሆኑ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 ላይ፣ በጥበቃ ሥር ያለና በፍርድ የታሰረ ሰው ሰብአዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ ያዛል። ሊጠይቁት ከሚገባቸው ሰዎች መካከልም ከትዳር ጓደኛ፣ ከዘመድ፣ ከወዳጅ፣ ከሐኪምና ከሕግ አማካሪ ጋር የሃይማኖት አማካሪውን ቆጥሮ ያስቀምጣል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ያወጣው የእስረኞች አያያዝ ደንብም ይህንኑ ይላል። ይህ ደንብ በ2015 ተሻሽሎ 27 ዓመት ታስረው በነበሩት በኔልሰን ማንዴላ ስም ተጠርቷል። በዚህ ደንብ መሠረት የሃይማኖት አገልጋይ እስረኛውን ለብቻው ሊያነጋግረው ይገባል፤ እስረኛውም አገልጋዩን አልፈልግም ቢል ፈቃዱ ይከበርለታል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ትንሽ ይመስላሉ። ነገር ግን ከዘበኛው ሰዓት እስከ መብራቱ መጥፊያ ድረስ ሁሉም ነገር በሌላ ሰው ትእዛዝ ለሚሆንበት ሰው፣ ማንም የማይሰማው ንግግርና «አይሆንም» የማለት ሥልጣን ከዳቦ አያንሱም።

ቀጥሎም መታወቅ ያለበት፣ «እስረኛ» የምንለው ሁሉ ወንጀለኛ አለመሆኑ ነው። ከእነርሱ መካከል በቀጠሮ ላይ ያሉ፣ ገና ያልተፈረደባቸው አሉ። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 እነዚህን ጥፋተኛ አድርጎ መቍጠርን ይከለክላል። ካህኑ ግን የገባበትን ምክንያት ጠይቀው አንዱን ከሌላው አይለዩም። «እኔ መዝገብ አልገልጥም» ይላሉ፤ «ራሱ ሊነግረኝ ከፈለገ እሰማለሁ፤ ካልፈለገም ስለ ዝናቡና ስለ ቡቃያው እንጫወታለን።»

ከሥራቸው ሁሉ የሚከብዳቸው መርዶ መንገር እንደ ሆነ አጫወቱን። በእኛ አገር ሰው ወላጁ ሲሞትበት መርዶውን ብቻውን አይሰማም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ማልዶ ይነግረዋል፤ ደግፎ ይይዘዋል፤ ድንኳን ይጣላል፤ ዕድርተኛው ይቀመጣል። እስረኛ ግን ከዚህ ሁሉ የለውም። ቀብር አይሄድም፤ አፈር አያለብስም። ታዲያ በእንዲህ ያለ ቀን ካህኑ ጠዋት ገብተው፣ ከአገሩ ሰዎችና ከክፍሉ ሽማግሌዎች ጋር ሆነው ይነግሩታል። ከዚያም ጸሎት ያደርሳሉ፤ ከእርሱ ጋር ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። «ምን ይሉታል?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ምን እለዋለሁ? እቀመጣለሁ እንጂ» አሉን።

ንስሐም ይቀበላሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ካህን በንስሐ የሰማውን ምስጢር ለማንም አያወጣም። ይህ በማረሚያ ቤት ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በዚያ ግቢ ምስጢር ዋጋ አለው። ለአለቃውም፣ ለከሳሹም፣ ለጠበቃውም፣ ለእስረኛው ጠላትም ይጠቅማል። ካህን አንድ ቀን እንኳ አንዲት ቃል ቢያሾልክ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ካህናት ጆሮ ከዚያ ግቢ ውስጥ ይዘጋል። ስለዚህ እዚያ የሚያገለግል ሰው ለመርማሪ ጆሮ ጠቢ፣ ለእስረኛም የድብቅ መልእክተኛ ሊሆን አይችልም። በሁለቱ መካከል ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ይህም ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ያስጠረጥረዋል።

የተበደለውስ?

እስከዚህ ድረስ የሚቃወመን ላይኖር ይችላል። ከባዱ ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ነገሩን ለማቅለል የማይገባን ስለ ሆነ፣ ካህኑ ስም ሳይጠሩ የነገሩንን እንዳለ እናቅርበው።

ልጇ የተገደለባት አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ጠበቀቻቸው። ገዳዩ ተፈርዶበት ታስሯል። «አባ፣ የልጄን ገዳይ ሄደው ይጠይቃሉ የሚባለው እውነት ነው?» አለቻቸው። «እውነት ነው» አሏት። «መስቀል ያሳልሙታል?» «አዎን።» ሴትዮዋም፣ «ይህንኑ መስቀል ነው እኔም የምሳለመው?» አለችና ሳትሳለም ሄደች።

ለዚህች እናት ምን መልስ አለን? በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆነን ይህን ስንከራከር ከእኛ አንዳንዱ «ይቅር ማለት አለባት» አለ። ልጅ ወልዶ ያልቀበረ ሰው እንዲህ ማለት ይቀለዋል። ሌላው ደግሞ «እውነቷን ነው፤ ካህኑ መሄድ የለባቸውም» አለ። ይህም ልክ አይመስለንም። እነዚህ ሁለት መልሶች በአንድ ስሕተት ላይ የቆሙ ናቸው። ሁለቱም ምሕረት ለበዳዩ በተሰጠ መጠን ከተበዳዩ ድርሻ የሚቀነስ ያህል ያስባሉ።

በቀራንዮ የሆነውን እናስታውስ። በጌታ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማን፣ የደረሰበት ቅጣት ለሥራው የሚገባ መሆኑን በራሱ አፍ ተናገረ። ጌታም ገነትን ተስፋ ሰጠው። ይሁን እንጂ ከመስቀል አላወረደውም። ገነት የተሰጠው ያ ሰው በዚያው መስቀል ላይ ሞተ። እንግዲህ ምሕረት ፍርድን አልሰረዘም፤ ፍርድም ምሕረትን አልከለከለም። ሁለቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ሰው ላይ ተገኙ። ካህን ወደ ገዳዩ ሲሄድ «ያደረግኸው ምንም አይደለም» ሊለው አይደለም። እንዲያውም ያደረገውን ነገር ሙሉ ክብደት ከሚነግሩት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው። ፍርድ ቤት «ይህን ያህል ዓመት» ብሎ ይለካዋል፤ ካህን ግን የጠፋው የሰው ነፍስ በዓመት ቍጥር የሚመለስ አለመሆኑን ይነግረዋል። ከዚያም ይህን እውነት ብቻውን እንዳይሸከም አብሮት ይቀመጣል። ጠያቂ የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ በደሉን ይክዳል፤ ክብደቱን ብቻውን መቻል አይችልምና። ጠያቂ ያለው ሰው ግን ሊያምን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ገዳዩን መጠየቅ ለሟች እውነት ከመቆም አይቃረንም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የእናቲቱን ጥያቄ ገና አይመልስም። ካህኑ ያደረጉትን ስንሰማ ግን ከክርክራችን ይልቅ ብዙ አስተማረን። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቤቷ ሄዱ። መስቀላቸውን አላወጡም። ቡና ተፈላ፤ ስለ ልጇ እንድትነግራቸው ለመኗት፤ እርሷም እስኪመሽ ነገረቻቸው። በሌላውም ሳምንት ሄዱ። ይቅር በይ አላሏትም። እስከዛሬም ይሄዳሉ። «ታርቃችሁ ይሆን?» ብንላቸው፣ «እኔን ቡና ታጠጣኛለች፤ እርሱን ግን ስሙን አትጠራም፤ እኔም አልጠራባትም» አሉን።

ከዚህ የተረዳነው ይህን ነው። ቤተ ክርስቲያን እስረኛውን ጠይቃ የሟችን ቤተሰብ ከረሳች፣ እናቲቱ መስቀል ሳትሳለም መሄዷ ትክክል ነው። በደለኛውን ለመጠየቅ ፊት የሚኖረን የተበደለውንም ስንጠይቅ ብቻ ነው። እኛ ወጣቶች ግን ማረሚያ ቤት በትንሣኤ ስንሄድ፣ በዚያው ከተማ ልጃቸው ተገድሎባቸው በዓሉን በሐዘን የሚያሳልፉትን አንድም ቀን አስበናቸው አናውቅም ነበር።

የውሸት ንስሐና የዳቦ ሃይማኖት

ሌላ ጥያቄም አለ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩ የታረመ እስረኛ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። «ስለዚህ ማተብ የሚያስረውና ጸሎት የሚያበዛው ለመፈታት ብሎ እንጂ ከልቡ አይደለም» የሚሉ አሉ።

እንዲህ የሚያደርግ የለም አንልም። ነገር ግን በፈተና ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን በተማሪ እንደሚሞላና ውጤት ከተለጠፈ በኋላ እንደሚቀልል የምናውቅ እኛ፣ በዚህ ነገር በእስረኛው ላይ መፍረድ አያምርብንም። ሰው ወደ እግዚአብሔር ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጥቅም በር ነው፤ አንዳንዱ ከገባ በኋላ ይቀራል። የካህኑ ጥንቃቄ ንስሐውን ከአመክሮ መለየት ነው። የእስረኛውን ጠባይ መመስከር የማረሚያ ቤቱ ሥራ ነው። የነፍስ አባት ደብዳቤ ጻፊ ከሆነ ግን ንስሐ ለመግባት የሚሰለፈው ብዙ፣ የሚናዘዘው ጥቂት ይሆናል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ፈተና በእኛ በጠያቂዎቹ በኩል አለ። የተራበን ሰው በዳቦ፣ የቆሸሸን ሰው በሳሙና ወደ ራስ ወገን መሳብ ይቻላል። በጋሞ ምድር ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሌላውም አብሮ ይኖራል፤ በማረሚያ ቤትም እንዲሁ ነው። ሳሙና ለመቀበል ማተብ ማሰር፣ ወይም ዳቦ ለመቀበል ማተብ መበጠስ ያስፈለገው ሰው ሁለተኛ ጊዜ ታሰረ ማለት ነው። ነፍስ እንዲህ አትገዛም። ካህኑ የያዙትን ለሁሉም ያካፍላሉ፤ ጸሎቱን ለሚፈልገው ብቻ ያደርሳሉ።

አቤሜሌክ ያወረደው ጨርቅ

ለዚህ አገልግሎት ከሁሉ የሚቀርበን ምሳሌ የአገራችን ሰው ነው። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 እንደ ተጻፈው፣ አለቆች ነቢዩን ኤርምያስን ውኃ በሌለበት፣ ጭቃ ብቻ ባለበት ጉድጓድ ጣሉት፤ በጭቃውም ውስጥ ገባ። በንጉሡ ቤት የነበረው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ይህን ሰማ። ወደ ንጉሡ ወደ ሴዴቅያስ ሄዶ በግልጥ ተናገረለት፤ 30 ሰዎችም ተሰጡት። ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ትንሽ ቢመስልም ትልቅ ነው። ገመድ ብቻ አልወረወረም። ከቤተ መዛግብቱ በታች ያረጀ ጨርቅ ፈልጎ በገመድ አወረደለትና፣ ገመዱ እንዳይቆርጠው በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ነገረው።

ብዙዎቻችን አቤሜሌክን የምናውቀው በተረፈ ባሮክ፣ በለስ ይዞ 66 ዓመት በመተኛቱ ነው። እንቅልፉን አስታውሰን ጨርቁን ረሳን።

ሰውን ከጉድጓድ ለማውጣት ገመድ ግድ ነው። ሕግ ገመድ ነው፤ ፍርድ ገመድ ነው፤ ትምህርትና ሥራም ገመድ ነው። ገመድ ብቻውን ሲስብ ግን ሥጋ ይቆርጣል። ካህኑ የሚያመጣው ጨርቁን ነው። አሮጌ፣ ዋጋ የሌለው፣ ከየትም የሚገኝ ነገር፤ እርሱም ሰላምታ፣ አብሮ መቀመጥ፣ ከእናት ዘንድ የመጣ ቃል ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልንስት አይገባም፤ ኤርምያስ ከጭቃው ወጣ እንጂ ነጻ አልወጣም፤ በግዞት ቤቱ አደባባይ ቆየ። አቤሜሌክ እስሩን ማስቀረት አልቻለም። ያልቻለውን ምክንያት አድርጎ ግን የሚችለውን አልተወም።

ቤተ ክርስቲያን ራሷ ታስራ ታውቃለች

በአዲስ አበባ «ዓለም በቃኝ» የሚባል ወህኒ ነበረ። ዛሬ በቦታው በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል። ስሙን ስንሰማ ይገርመናል፤ «ዓለም በቃኝ» የመናኝ ቃል ነውና። መነኩሴ ወድዶ የሚናገረውን ቃል እስረኛው ተገድዶ እንዲሸከመው ሆነ። ካህን ወደ ወህኒ የሚገባውም ለዚህ ይመስለናል፤ «ዓለም በቃኝ» ላላለ ሰው ዓለም ገና እንዳልበቃችው ሊነግረው ነው።

ይህን ለሌላ ሰው የሆነ ነገር አድርገን አንየው። ሁለተኛው ፓትርያርካችን አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ታስረው በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ አጽማቸው በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። እነዚህ አባቶች ለስንቱ የነፍስ አባት ሆነው ሳለ በመጨረሻዋ ሰዓታቸው ጠያቂ አጡ። ቅዱስ ጳውሎስም ለኤፌሶን፣ ለፊልጵስዩስ፣ ለቆላስይስና ለፊልሞና የጻፈው በእስራት ሆኖ ነው። ከወህኒ የመጣ ደብዳቤ በየሰንበቱ ከሚነበብባት ቤት የወጣን ልጆች፣ ወህኒን የሌላ ሰው ቤት አድርገን ልናይ አይገባንም።

ከበሩ በኋላ

የካህኑ ሥራ እስረኛው ሲፈታ አያልቅም። አንዳንዱ የተፈታ ሰው ከበሩ ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። መንደሩ ይፈራዋል፤ እርሱም መንደሩን ይፈራል። ጳውሎስ አናሲሞስን ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲመልሰው ባዶ እጁን አልላከውም፤ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ዕዳ ቢኖርበት እኔ እከፍላለሁ አለ።

በዚህ ነገር የጋሞ ምድር ብዙ የሚያስተምረን አለ። በዱቡሻ፣ ማለት በአባቶች የሸንጎ አደባባይ፣ በደል ተሸፍኖ አይታለፍም፤ በሕዝብ ፊት ይነገራል፤ እውነት ሳይወጣ ዕርቅ የለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ አካባቢ በወገኖቻችን ላይ ግድያ በደረሰ ጊዜ፣ የከተማችን ወጣት ለበቀል ሲነሣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። ያን ቀን የተንበረከኩት ምንም ያልበደሉት ሽማግሌዎች ነበሩ። ለሰው ነፍስ ሲባል በበዳይና በተበዳይ መካከል ገብቶ ዝቅ ማለት ምን እንደ ሆነ ዓለም ሁሉ አየ። የነፍስ አባትና የአገር ሽማግሌ አብረው ቢሠሩ፣ የተፈታው ሰው ወደ መንደሩ የሚመለስበት መንገድ ባዶ አይሆንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እኛ ካህናት አይደለንም፤ ንስሐ አንቀበልም። የምንችለው ጥቂት ነው፤ ያንን ግን መተው አንችልም።

አንደኛ፤ በበዓል ብቻ መሄድ ይቅርብን። በየወሩ ሁለት ሰው ቢሄድ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሠላሳ ሰው ከሚሄድ ይሻላል።

ሁለተኛ፤ የአደራ ደብተር ይኑረን። እስረኛ የሰጠን ቃል ሁሉ በዚያ ይጻፍ፤ የተላከው ሰው ስም ይጻፍ፤ መልሱም ይጻፍ። ትምህርቱን ጨርሶ የሚሄድ ወንድም ደብተሩን ለሚቀጥለው ሳያስረክብ አይሂድ። ያችን ወረቀት የጣለው የአንድ ወንድማችን ኪስ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ነን።

ሦስተኛ፤ መመለሳችንን ካላወቅን «በሚመጣው ወር» አንበል። ቀን ለሚቈጥር ሰው የውሸት ቀን መስጠት ቀላል በደል አይደለም።

አራተኛ፤ ከማረሚያ ቤት ስንመለስ ሰው የሞተባቸውንም ቤት እንጠይቅ። ለመስበክ አይደለም፤ ለመቀመጥ ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ በመጨረሻው ቀን ስለ መታሰሩና ስለ መጠየቁ እንደሚናገር እናውቃለን። አንድ ነገር ግን እስከ አሁን ሳናስተውል ኖረናል። ጌታ በዚያ ቦታ ራሱን በእስረኛው ስፍራ ሲያቆም «ያለ ጥፋቴ ታስሬ ሳለሁ» ብሎ አልለየም። የእስረኛውን መዝገብ አልገለጠም። የሚገለጠው የእኛ መዝገብ ነው። ጠያቂና ተጠያቂ ቦታ የሚለዋወጡበት ቀን ይመጣል። በዚያ ማረሚያ ቤት ግቢ፣ በአንድ የቦንኬ ወጣት ፊት መሬት መሬቱን ያየንባት ቀን ለእኛ የዚያ ቀን ምሳሌ ነበረች። ገና ጊዜ ሳለ ስለ ተጠየቅን እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

ደብተሩ ተገዝቷል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈው የአንዲት እናት ስምና የአንድ ቀበሌ ስም ነው፤ ልጇ እንደ ገና ነግሮን ጻፍነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።